ከማን ጋር፣ በማን ላይ? ስለ «አጌንስት» የተደረገ ንግግር

(በማታው የእንግሊዝኛ ክፍል መምህራንና አስተርጓሚዎች በጋራ የቀረበ)

ቀኑን ሙሉ በሙቀትና በወረፋ ደክማችሁ ሳለ እዚህ ድረስ መጥታችሁ ስለተገኛችሁ በቅድሚያ ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ወጣቶች ከፊት ያለውን አግዳሚ ወንበር ለእናቶችና ለአባቶች ብትለቁልን ደስ ይለናል።

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሏ «አጌንስት» ትባላለች። በሰሌዳው ላይ በፈረንጅ ፊደል ጽፈናታል፤ ሰባት ፊደል አላት። ንግግሩ በጋዜጣችን ላይ ሲወጣ ግን እንግሊዝኛውን ሁሉ በራሳችን ፊደል አስፍረነዋል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ይህችን ቃል መጀመሪያ የምናገኛት በጆሮ ነው እንጂ በዓይን አይደለም። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ «ተቃራኒ፤ በመቃወም፤ በ… ላይ» የሚል ፍቺ ይገኛል። ይህን ለመናገር ብቻ ስብሰባ ባልጠራን ነበር። የጠራናችሁ አንድ ነገር ስለ ደረሰ ነው።

አንድ ወንድማችን አለ። ስሙን እንዳንጠራ ጠይቆናል፤ ታሪኩን ግን «ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ንገሩልኝ» ብሎናል። 12ኛ ክፍል የጨረሰ፣ እንግሊዝኛው ከብዙዎቻችን የሚሻል ሰው ነው። ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ «አስተርጓሚ ትፈልጋለህ ወይ?» ተባለ፤ «አያስፈልገኝም» አለ። ሊናገር ያሰበው «ከመንግሥት ወታደሮች ጋር ሁለት ዓመት ተዋግቻለሁ» የሚል ነበር። ከአፉ የወጣው «አይ ፎት ዊዝ ዘ ገቨርንመንት ሶልጀርስ ፎር ቱ ይርስ» ነው። ቃል በቃል ከሄድን አንድም ስሕተት የለበትም። ጠያቂዋም የሰማችውን ጻፈች፦ ከመንግሥት ወታደሮች ጎን ተሰልፎ ሁለት ዓመት የተዋጋ ሰው።

ከወራት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀርብ ጥያቄው ሁሉ ተለወጠበት። የየትኛው ክፍለ ጦር አባል ነበርክ? ማዕረግህ ምን ነበር? አዛዥህ ማን ይባላል? ክፍላችሁ በነበረበት ቦታ በሰላማዊው ሕዝብ ላይ ምን ደርሷል? ወንድማችን ከየት የመጣ ጥያቄ እንደሆነ አልገባውም። «ሲያሳድዱኝ የነበሩትን ሰዎች ሥራ በእኔ ላይ ሊያላክኩ ነው» ብሎ ተቆጣ፤ ከዚያም ዝም አለ። ዝምታውም ተጻፈ። ነገሩ የተፈታው በሦስተኛው ጊዜ ነው። አስተርጓሚ ተቀምጦ ስለ ነበር ጠያቂዋን አስፈቅዶ «ከእነርሱ ጋር ስትል አብረሃቸው ነው ወይስ በእነርሱ ላይ?» ሲል ጠየቀው። ይህች አንዲት ጥያቄ እስክትጠየቅ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ አልፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንዲያዝልን እንፈልጋለን። «እንዲህ ብትሉ ይሻላችኋል፤ እንዲያ ብትሉ ይበጃችኋል» እያልን አይደለም። አብሮ የተዋጋም ሆነ በተቃራኒው የተዋጋ ሰው የየራሱ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ የሆነውን መናገር ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ኃላፊነት ነው። እኛ የምንለው የተናገራችሁት እውነት ተገልብጦ እንዳይጻፍ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። ስሕተቱ ከወንድማችን ስንፍና የመጣ አይደለም፤ ከአማርኛችን የመጣ ነው። እኛ «ከ… ጋር» የምንለው ለወዳጅም ለጠላትም ነው። ከጓደኛዬ ጋር በላሁ፤ ከጓደኛዬ ጋር ተጣላሁ። ከወንድሜ ጋር ሄድኩ፤ ከወንድሜ ጋር ተካሰስኩ። ተዋጋ፣ ተሟገተ፣ ተወዳደረ፣ ተፎካከረ፣ ታገለ፣ ተጋጠመ ስንል ሁሉም «ከ… ጋር» ይወስዳሉ፤ ከግሱ ትርጉም ባላጋራነቱ ስለሚገባን አንሳሳትም። አብሮ መሰለፉን መናገር ስንፈልግ «ጎን ለጎን ሆነን»፣ «አብረን»፣ «ከእነርሱ ወግኜ» እንላለን። ትግርኛ የምትናገሩ የክፍላችን ተማሪዎች «ምስ»ም እንዲሁ ናት ብለውናል፤ ሶማልኛ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችንም «ላ» የምትለዋ ቃላቸው ለወዳጅም ለጠላትም እንደምታገለግል ነግረውናል። እንግዲህ የአንድ ሰፈር ብቻ ችግር አይደለም።

እንግሊዝኛውስ? እውነቱን ለመናገር እንግሊዝኛውም ንጹሕ አይደለም። «ዊዝ» የምትለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ ትርጉሟ «በተቃራኒ» ነበር፤ «አብሮ» የሚለውን ትርጉም አጥብቃ የያዘችው በኋላ ነው። የጥንቱ ትርጉም ዛሬም «ዊዝስታንድ» በሚለው ቃል ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል፤ መቋቋም ማለት ነው። ለዚህም ነው አንድ እንግሊዛዊ «ፎት ዊዝ ሂዝ ብራዘር» ሲል ከወንድሙ ጋር ተጣላ ማለት የሚሆነው። ነገር ግን ስለ ጦርነት ሲነገርና ከ«ዊዝ» ቀጥሎ የአንድ ሠራዊት ስም ሲመጣ፣ ሰሚው ብዙውን ጊዜ የሚረዳው «ጎን ለጎን» ብሎ ነው። በሰው ግምት ላይ የተጣለ ቃል ነው፤ በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ለግምት ቦታ መተው አይገባም።

ለመያዝ እንዲመች ከታሪካችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1933 ዓ.ም. አርበኞቻችን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው ጣሊያንን ተዋጉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ይህን በእንግሊዝኛ ስንጽፈው «ዘ ፓትሪዮትስ ፎት ዊዝ ዘ ብሪቲሽ አጌንስት ዘ ኢታሊያንስ» ይሆናል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሥራቸውን ተከፋፍለው ሲቀመጡ እዩ፤ «ዊዝ» አጋሩን ይዛለች፣ «አጌንስት» ጠላቱን ይዛለች። ብትለዋወጡ ታሪኩ ይገለበጣል። ስለ ዐድዋ ደግሞ «ፎት አጌንስት ዘ ኢታሊያንስ» ብቻ ነው የሚባለው፤ «ፎት ዊዝ ዘ ኢታሊያንስ» ብሎ የጻፈ ተማሪያችን ነበር፣ ምኒልክን ከጣሊያን ጋር አሰልፎ አረፈው። ጥርጣሬውን ፈጽሞ ለማጥፋት የምትፈልጉ ደግሞ ለአጋር «አሎንግሳይድ» የሚለውን ያዙ፤ እርሱ ለጠላት አይነገርም።

በኳስም እንዲሁ ነው። ቅዳሜ ዕለት ልጆቻችን ከደቡብ ሱዳን ልጆች ጋር ተጫወቱ። «ዊ ፕሌይድ ዊዝ ዘ ሳውዝ ሱዳኒዝ» ብትሉ ተቀላቅላችሁ አንድ ቡድን የሆናችሁ ይመስላል። «ፕሌይድ አጌንስት» በሉ። ውጤቱን እንኳ ባንናገር ይሻላል።

እስካሁን አማርኛችን ያሳሳተበትን ነገር አየን። አሁን ደግሞ የሚረዳበትን እንይ፤ ይህኛው ክፍል ለእኛ ለመምህራኑም ደስ ያሰኘን ነው። ብዙ ሰው «አጌንስት» በአማርኛ ምንድን ነው ሲባል «መቃወም» ይላል። ዘወትር የምንጠቀምበት ግን ሌላ ነው፤ በግሱ መጨረሻ ላይ የምትንጠለጠል «በ» ናት። መሰከረለት፤ መሰከረበት። ፈረደለት፤ ፈረደበት። ተናገረለት፤ ተናገረበት። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ነው፤ የሰው ዕጣ ግን በዚያች ፊደል ላይ ያድራል። እንግሊዝኛው «ለ»ን «ፎር» ይላታል፣ «በ»ን «አጌንስት» ይላታል። «ሂ ስፖክ ፎር ሚ» ተናገረልኝ፤ «ሂ ስፖክ አጌንስት ሚ» ተናገረብኝ። «ዜይ ቮትድ ፎር» ደገፉ፤ «ዜይ ቮትድ አጌንስት» ተቃወሙ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ልትናገሩ ስትሉ በልባችሁ ያለውን የአማርኛ ግስ መጨረሻውን ስሙት፤ «–ብኝ» ወይስ «–ልኝ»?

ዳሩ ግን እያንዳንዱን «–ብኝ» «አጌንስት» አድርጋችሁ እንዳትተረጉሙ። አንዲት የክፍላችን እህት ስለ ኑሮዋ ስትጽፍ «ማይ ጎት ዳይድ አጌንስት ሚ» ብላ አስቃናለች። ፍየሌ ሞተችብኝ ማለቷ ነው። በእንግሊዝኛው ግን ፍየሏ ባለቤቷን ለመቃወም የሞተች ይመስላል! እርሷም ከሁላችን በላይ ሳቀች። ሞተብኝ፣ ጠፋብኝ፣ ዘነበብኝ፣ መሸብኝ ስንል «በ» የምትነግረን ጉዳቱ እኛን ያገኘን መሆኑን ነው እንጂ የሚቃወመን አካል መኖሩን አይደለም። «አይ ሎስት ማይ ካርድ» ይበቃል። «ሳቀብኝ» እና «ጮኸብኝ» ደግሞ «አት» ይወስዳሉ፤ «ሂ ላፍድ አት ሚ»፣ «ሺ ሻውትድ አት ሚ»። አንድ ሰው ወይም አካል ሆን ብሎ ሲቃወመን፣ ሲወስንብን፣ ሲመሰክርብን፣ ሲያሴርብን ያን ጊዜ «አጌንስት» ቦታዋ ነው።

የሰዋስው ነገር አጠር አድርገን እንለፍ። «አጌንስት» ግስ አይደለችም። «እቃወማለሁ» በአንድ ቃል ስለሚያልቅ ብዙዎቻችን «አይ አጌንስት ዚስ ፕላን» እንላለን፤ «አይ አም አጌንስት» መባል አለበት። «ኦፖዝ» የሚለው ቃል ግን ራሱ ግስ ስለሆነ «አጌንስት»ን አይፈልግም፤ «አይ ኦፖዝ ዘ ፕላን» ብቻ። ከ«አጌንስት» ቀጥሎ ግስ ማስገባት ካሻችሁ መጨረሻውን «ኢንግ» አድርጉት፤ «ዊ አር አጌንስት ጎይንግ» እንጂ «አጌንስት ቱ ጎ» አይባልም። አነባበቡም «አጋይንስት» አይደለም፤ ድምፁ የሚጠነክረው «ጌን» ላይ ነው።

አነባበቡን ካነሣን ዘንድ አንድ ሌላ ነገር ሳንናገር አናልፍም። «አጌን» ማለት እንደገና ማለት ነው፤ «አጌንስት»ም በጥንት ጊዜ የተገኘችው ከእርሱ ነው፤ የመጨረሻዋ «ት» በኋላ የተጨመረች ናት። ሁለቱ እኅትማማች ስለሆኑ በችኮላ ሲነገሩ ጆሮ ይምታታል። አንዲት እናት ልጇ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቤት የቀሩት ሕፃናት አሳስበዋት «ልውጣ» አለች። ወረቀት ቀረበላትና ተነበበላት፤ «አጌንስት ሜዲካል አድቫይስ» የሚል ነበረበት። እርሷ የሰማችው «አጌን» የሚለውን ስለሆነ «ሐኪሙ እንደገና ትምጪ ብሎ መክሯል» መሰላትና ፈረመች። ወረቀቱ የሚለው ግን የሐኪም ምክር ሳይቀበሉ በራሳቸው ፈቃድ ወጡ፣ ለሚመጣው ነገር ኃላፊነቱን ራሳቸው ይወስዳሉ ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ብሶበት ተመልሷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል። በሐኪም ቤት ወረቀት ላይ ይህችን ቃል ስትሰሙ ከመፈረማችሁ በፊት «ምን ተቃወምኩ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሕፃናት ካርድ ላይ ያለችው «ቫክሲኔትድ አጌንስት ሚዝልስ» ግን የምታስፈራ አይደለችም፤ ኩፍኝን ለመከላከል ተከተበ ማለት ነው። እዚያ ላይ የተቃወምነው በሽታውን ነው።

ወደ ቢሮ ወረቀቶች እንሂድ። ይህን ክፍል እባካችሁ በጥሞና አዳምጡን፤ የሚጽፍ ሰው ካለም ይጻፍ።

እዚህ ካምፕ ውስጥ «ኬዝ» የማያውቅ የለም። «ኬዜ አላለቀም»፣ «ኬዜ ተላልፏል» እንላለን፤ የስደት ማመልከቻችን ፋይል ማለታችን ነው። በቃለ መጠይቅ ጊዜ ግን «ኢዝ ዜር ኤኒ ኬዝ አጌንስት ዩ?» ተብሎ ቢጠየቅ ስለዚያ ፋይል አይደለም። «በፍርድ ቤት ወይም በፖሊስ ዘንድ በአንተ ላይ የቀረበ ክስ አለ ወይ?» ማለት ነው። «የስ፣ ማይ ኬዝ ኢዝ ሂር» ብሎ የመለሰ ሰው በገዛ አፉ ተከሳሽ ሆኖ ይጻፋል። «ማይ ኬዝ» እና «ኤ ኬዝ አጌንስት ሚ» የሚራራቁት በዚያች ቃል ነው። ክስ ኖሮባችሁ ከሆነ ደግሞ ምን ዓይነት ክስ እንደሆነ፣ በምን ምክንያት እንደተመሠረተ ዘርዝራችሁ ተናገሩ፤ በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት የተከሰሰና በስርቆት የተከሰሰ ሰው በአንድ ዓይን አይታዩም።

በ1951 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 1 «ኤፍ» ላይ በሰላም ላይ ወንጀል፣ የጦር ወንጀል ወይም በሰብአዊነት ላይ ወንጀል መፈጸማቸው በከባድ ምክንያት የሚታመንባቸውን ሰዎች ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። በእንግሊዝኛው ሁለት ቦታ ላይ «ክራይም አጌንስት» ይላል። ወታደር የነበረ ሰው ረጅም ጥያቄ የሚቀርብለት በዚህ ምክንያት ነው፤ የወንድማችን ጠያቂም ያን ሁሉ ጥያቄ ያዥጎደጎደችው ከክፋት አልነበረም። በ1969 የወጣው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 3 ስደተኛ የሆነ ሰው በየትኛውም አባል አገር ላይ የማፍረስ ተግባር እንዳይፈጽም ይከለክላል፤ እዚያም ያለችው «አጌንስት» ናት። የምትከለክለን ብቻ ሳትሆን የምትጠብቀንም መኖሯን አንርሳ፤ በ1984 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቁት ማሠቃየትን የሚከለክለው ስምምነት ስሙ ራሱ «ኮንቬንሽን አጌንስት ቶርቸር» ብሎ ይጀምራል። በየዓመቱ ኅዳር ወር ላይ በሴቶች ማኅበር አዳራሽ የሚለጠፈውም ጽሑፍ «ቫዮለንስ አጌንስት ዊመን» ይላል፤ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት ማለት ነው።

አሁን ስለ ይግባኝ። ደብዳቤ ደርሷችሁ «ዲሲዥን» የሚል ቃል ብታዩ ከእርሱ ቀጥሎ የመጣውን እዩ። «አፒል» የሚለው ቃል በሦስት መንገድ ይመጣል። «አፒል ቱ» ይግባኙ የሚቀርብለትን አካል ያሳያል። «አፒል አጌንስት» ደግሞ የምንቃወመውን ውሳኔ። «አፒል ፎር» ሲሆን ግን ይግባኝ መሆኑ ቀርቶ ልመና ይሆናል፤ «አፒል ፎር ፉድ» ሲባል የእህል እርዳታ ጥሪ ነው። አንድ አባት በማመልከቻቸው ላይ «አይ አፒል ፎር ዘ ዲሲዥን» ብለው አስጽፈው ነበር። ጽሑፉን የጻፈላቸው ልጅ ቅን ነው፤ ነገር ግን ያነበበው ሰው ውሳኔ ስጡኝ ብለው የለመኑ እንጂ የተሰጠውን ውሳኔ የተቃወሙ አይመስለውም። «አይ አፒል አጌንስት ዘ ዲሲዥን» ተብሎ፣ የውሳኔው ቀን ተጠቅሶ፣ ምክንያቱ መዘርዘር አለበት። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ የሚልኩላችሁ ወረቀት ላይ «አፒል ዘ ዲሲዥን» ተብሎ «አጌንስት» ባይኖርበት አትደንግጡ፤ የአሜሪካኖች አጻጻፍ እንዲያ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የእንግሊዞቹ አጻጻፍ ይሠራበታል። ይግባኝ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን በደብዳቤው ላይ ስለሚጻፍ በመጀመሪያ እርሱን ፈልጉ፤ ቃሉን የምናርመው ቀኑ ካላለፈ ነው።

በመጨረሻም በአስተርጓሚ ለምትናገሩ። «እኔ በአማርኛ ስለምናገር ይህ አይመለከተኝም» የሚል አለ። ይመለከተዋል። ከእኛ መካከል የምናስተረጉም አለን፤ ስለ ራሳችን እንናገራለን። ሰው «ከእነርሱ ጋር ተዋጋሁ» ብሎ በፍጥነት ሲያልፍ አፋችን «ዊዝ ዜም» ብሎ ይቀድመናል። ደክሞን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እዘኑልንና አማርኛውን ራሱን ግልጥ አድርጉት፤ «በእነርሱ ላይ ተዋጋሁ»፣ «የእነርሱ ተቃራኒ ነበርኩ»፣ ወይም «ከእነርሱ ወግኜ ተዋጋሁ»። ንግግራችሁ ሲያልቅም የተጻፈው እንዲነበብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ በትሕትና ከጠየቃችሁ ድፍረት አይሆንም። ሲነበብላችሁም «ዊዝ» እና «አጌንስት» የምትለዋን ብቻ እንኳ ጆሯችሁ ይጠብቃት።

ከጥያቄዎች መካከል አንዱን እናስፍር። አንድ እናት «እኔ ከማንም ጋር አልተዋጋሁም፤ በማንም ላይም አልመሰከርኩም፤ ባሌ ሲታሰር ነው የወጣሁት። ታዲያ ይህች ቃል ምን ታደርግልኛለች?» ሲሉ ጠየቁን። የሰጠነው መልስ ይህ ነው፦ በእርስዎ ላይ የተደረገውን ለመናገር ያገለግልዎታል። ባለቤትዎ ሲታሰሩ ወታደሮቹ ወደ ቤት ገብተው በእርስዎ ላይ ዝተው እንደሆነ «ዜይ ሜድ ትሬትስ አጌንስት ሚ» ይበሉ፤ ያለ ፈቃድዎ ከቤት አውጥተዎት እንደሆነ «አጌንስት ማይ ዊል»። እርሳቸውም ሁለተኛውን ሦስት ጊዜ ደጋግመው አሉት፤ ጎረቤታቸውም አስጠናቸው።

ለሚቀጥለው ሳምንት የደረሷችሁን ደብዳቤዎች ይዛችሁ ኑ። ስማችሁንና የፋይል ቁጥራችሁን በወረቀት ሸፍኑት፤ አብረን የምናነበው «አጌንስት» ያለበትን መሥመር ብቻ ነው። ደብዳቤ የሌላችሁ አንድ «–ለት» እና አንድ «–በት» ያለበት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ። ጠመኔ አልቆብናልና ትርፍ ያላችሁ እንድታቀብሉን በአክብሮት እንጠይቃለን።